የደቻቱ አሸዋ ነዋሪዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ቤት ያለው እንጂ አድራሻ ያለው ሰው አላውቅም። የቤት ቁጥር የሚባል ነገር አለ፤ በቆርቆሮ ተጽፎ በር ላይ ተመትቷል። እሱን የሚያውቀው ግን ቀበሌ ብቻ ነው፤ ቀበሌም ቢሆን ትዝ የሚለው መታወቂያ የሚታደስ ዕለት ነው። ሰው ቤቱን ሲያስረዳ፣ «ከፊራን አልፈህ፣ ሙሽበክ የምትጠብሰዋ ሴትዮ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ፣ አረንጓዴ በር» ይላል። ሴትዮዋ ከሞተች ቆይታለች፤ በሩም ሰማያዊ ተቀብቷል፤ አቅጣጫው ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። እንግዳ የሚቀበል ሰውም በስልክ «የት ደረስክ?» ብሎ አይደክምም። «ምን ይታይሃል?» ይላል። የሚታየውን ሲነግሩት የቀረውን እሱ ያውቀዋል።

ይህን አገር ነው የእህቴ ልጅ በታብሌት ሊያገኘው የመጣው።

ልጁ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማረው ጂአይኤስ በሚባለው ሙያ ነው፤ በካርታና በኮምፒዩተር መካከል ያለ ነገር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠው ደግሞ የድሬዳዋን ወባ ነው። የመጣው በግንቦት ነው። በግንቦት ሙቀት ድሬ የሚመጣ ሰው የሚመክረው ዘመድ የሌለው ነው፤ ይሄኛው ዘመድ ነበረው፣ ግን ሳይጠይቀኝ ቲኬቱን ቆርጧል። እህቴ ደውላ፣ «ልጁ አገሩን አያውቅም፤ አደራህን» አለችኝ። አደራ ከተባለ ወዲያ ምን ይባላል? ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ሥራ አለብኝ ማለት አይችልም።

የደረሰ ዕለት ማታ ሽርጤን አገልድሜ በረንዳ ላይ ተጋድሜ ሳለ አንድ ጥቅልል ወረቀት አምጥቶ ፍራሹ ላይ ዘረጋው። አራቱን ጥግ በቴርሞስ፣ በሁለት ጫማና በእኔ እግር አስያዝነው። ካርታ ነው። ከዚራ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቿን ይዛ፣ መጋላ እንደ ልማዷ ተጠማዝዛ፣ ሳቢያን ወደ ላይ ተገፍታ፣ በመካከላቸው ደቻቱ። በላዩ ላይ ቀያይ ነጥቦች ተበትነዋል፤ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ የወባ ታማሚ ናት አለኝ። መዝገቡን ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው ያገኘው። ነጥቦቹ እዚህም እዚያም ሳስተዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ተደራርበው እንደ ደም ጠቁረዋል።

«አየህ አጎቴ» አለኝ ዓይኑ እያበራ፣ «መዝገቡን ብታነበው ስም ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ቀን ነው። አንድ ሺህ መስመር አንብበህ ምንም አይገባህም። ካርታ ላይ ስታደርገው ግን ነገሩ የት እንደሆነ ራሱ ይናገራል።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። መነጽሬን አድርጌ እንደገና አየሁ። የጠቆረው ቦታ ደቻቱ ነው። ደቻቱ ዳር አላልኩም። አሸዋው መሐል ነው።

ድሬን ለማያውቅ ሰው ደቻቱ በካርታ ላይ ወንዝ ነው። በዓይን ሲታይ ግን ዓመቱን ከሞላ ጎደል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ከከዚራ መጋላ የሚሻገር ሰው ድልድዩን ትቶ ያቋርጠዋል። የሚኖርበት ሰው ግን የለም። ይህን ስነግረው ልጁ በትዕግሥት ፈገግ አለ። መረጃው እንደዚያ ነው የሚለው፤ ነገ ሄደን እናያለን አለኝ።

እዚህ ላይ ልጁ ለምን ወባን እንደመረጠ ልናገር፤ ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። እኛ አገር ወባን በካርታ ማሰብ የጀመረው ኮምፒዩተር አይደለም። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው አገሩን በከፍታ የከፈሉት አባቶቻችን የሕመም ካርታም በቃላቸው ይዘው ነበር። ቆላ ወርዶ የሚያርስ ገበሬ መሸት ሲል ሽቅብ ወጥቶ ያድር የነበረው ለነፋሱ ብሎ አይደለም። ሕጉ ሁለት ነው፦ ወባ ቆላ ነው፤ ወባ ዝናብን ተከትሎ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1958 የመጀመሪያው ሕግ ተጣሰ፤ ወረርሽኙ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉ አገሮች ላይ ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ ያህል ገደለ።

ሁለተኛው ሕግ የተጣሰው እዚሁ ደጃችን ነው። ከእስያ የመጣ አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የሚባል ቢንቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ታየ፤ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘ። ከዚያ ሲፈለግ ሰመራም፣ ኤረር ጎታም፣ ድሬዳዋም፣ ጅግጅጋም፣ ጎዴም አለ። ከተሞቹን በፊደል ተራ ብትጽፋቸው የከተማ ስም ዝርዝር ነው፤ ካርታ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርገህ ስታስቀምጣቸው ግን የምሥራቁ የመኪና መንገድና የጭነት መስመር ብቅ ይላል። ይህ ቢንቢ እንደ አገሬው ቢንቢ የዝናብ ኩሬ አይጠብቅም። በርሜል ይበቃዋል፣ ሮቶ ይበቃዋል፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ድሬዳዋ ላይ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር፤ በ2022 በነዚያው ወራት 2,425 ሆነ። በደረቅ ወራት! የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሰዎች መጥተው ከተማውንና የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ቤት ለቤት አሰሱ፤ የታመመውንም ያልታመመውንም ቤት እያዩ፣ ውሃ ያለበትን ዕቃ ሁሉ እየከፈቱ። ያገኙት ነገር በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት ወጣ፦ ሕመሙ የተሰባሰበው የዚህ ቢንቢ እጭ የተገኘባቸው የውሃ ማጠራቀሚያዎች አካባቢ ነው። ልጁ ይህን አንብቦ ነው ልቡ የተነሳው። እኔም እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ልጅ ከቤታችን በመውጣቱ ደስ ብሎኛል፤ እንግዲህ በማግስቱ የሆነውን ስናገር ይህ ይያዝልኝ።

በኮንትራት የያዝነው ባጃጅ ነጂ የመጋላ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ፣ ዓለምን ሁሉ የሚያውቃት። ልጁ ታብሌቱን አሳየውና «እዚች ነጥብ ላይ ውሰደን» አለው። ነጂው ታብሌቱን አገላብጦ አየና፣ «አቦ፣ ከማን ቤት አጠገብ ነው?» አለ።

«የማንም ቤት አጠገብ አይደለም፤ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ይኸው።»

«ወላሂ እነሱን አላውቃቸውም። መጋላ ቢኖሩ አውቃቸው ነበር።»

ሄድን። ከድልድዩ በታች ወርደን፣ ባጃጁ አሸዋ ሲይዘው ወርደን እየገፋን፣ ታብሌቷ «ደርሰዋል» ስትለን ዙሪያችንን አየን። ግመሎች ተንበርክከው ያመነዥጋሉ። አንድ ልጅ ሁለት ድንጋይ አቁሞ ጎል ይጠብቃል። የቀረው አሸዋ ነው። ነጂው ወደ ካርታው ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ነጥብ በጣቱ ነካው። «እዚህ ያሉት ስንት ናቸው?»

«አርባ ምናምን።»

«አርባ ሰው አንድ ፍራሽ ላይ ነው እንዴ የተኛው?»

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ታብሌቱ ላይ ነጥቡን እያሰፋ፣ እያሰፋ፣ እያሰፋ ሄደ፤ ብዙ ነጥብ የመሰለን ነገር አልበተን አለ። አንድ ነጥብ ነው። አርባ ምናምን ሰው አንዱ ባንዱ ላይ፣ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር እኩል፣ አንድ ጋት ሳይራራቁ። መዝገቡን ከፈተው። የሌሎቹ ታማሚዎች አድራሻ ቢያንስ ሰፈር አለው፤ የነዚህ ግን «ድሬዳዋ፣ ቀበሌ» ተብሎ ቁጥሩ ብቻ ተጽፎ ቀርቷል። መዝገቡን ያዘጋጀው ሰው ካርታ ላይ መግባት አለባቸው ሲባል ምን ያድርግ? ኮምፒዩተሩ የቀበሌውን መካከል ፈልጎ ሁሉንም እዚያ ጣላቸው። ቀበሌው ደግሞ የወንዙን ዳር ይዞ የተዘረጋ ስለሆነ መካከሉ አሸዋው ላይ ወደቀ። ሕመሙ እዚያ ስለተከማቸ አይደለም የጠቆረው፤ የት እንደሆነ የማይታወቀው ሁሉ እዚያ ስለተከማቸ ነው። በከተማው ካርታ ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ቦታ ማንም ምንም የማያውቅበት ቦታ ሆኖ አረፈው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ካርታ ባየሁ ቁጥር ያስቸግረኛል። በቴሌቪዥን ባለ ቀለም ካርታ ሲያሳዩ፣ የጠቆረውን ክፍለ ከተማ አይቼ «ጉድ ነው» ከማለቴ በፊት፣ እዚያ ስንት ሰው ይኖራል እላለሁ። የታመመ ሰው ብዛት ብቻ በካርታ ሲቀመጥ የሚታየው ሰው የበዛበት ሰፈር ነው፤ ሳቢያን ወይም መጋላ የበዛውን ነገር ሁሉ ይበዛባቸዋል፣ ሠርግም ቢሆን። ጤና ጣቢያ የቀረበው ሰፈርም የታመመ ይመስላል፤ ሩቅ ያለው ገጠር ቀበሌ ጤናማ ይመስላል፤ ማን ሄዶ ይመዝገብ?

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም፤ ይህን እወድለታለሁ። በሰፈር ስም የተመዘገቡትን ቤት ለቤት እንፈልግ አለ። ሰዓቱ ሰባት ሊሆን ነው። ድሬ ውስጥ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት የሰው በር የሚያንኳኳ ወይ ሞት ነጋሪ ነው ወይ መንግሥት ነው። ነግሬው ነበር፤ የመርሐ ግብሩ ወረቀት ግን አዲስ አበባ ተጽፏል።

መጀመሪያ ያንኳኳነው በር ከወንዙ ዳር አንድ ቅያስ ገባ ያለ ነው። በዲርያ የተጠቀለለች፣ ከእኔ ትንሽ የምታንስ ሴት ከፈተች። ከእንቅልፏ ነው የተነሳችው። ዓይኗ በመጀመሪያ ያረፈው እኛ ላይ አይደለም፤ ልጁ የያዘው ጥቅልል ላይ ነው።

«ልትለኩ ነው?» አለች።

«አይ እማማ፣ እርስዎን ስለ ወባ…»

«እማማ አትበለኝ አቦ፣ እርስዎም አትበለኝ፤ አስረጀኸኝ። ልትለኩ ነው ወይ ነው የምልህ?»

በዚህ ከተማ፣ በየትኛውም ከተማችን ማለት ይቻላል፣ ካርታ ይዞ ሰፈር የገባ ሰው ቤት ሊያፈርስ የመጣ ነው። መጀመሪያ ካርታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቀይ ቀለም ይመጣል፣ ቀጥሎ ዶዘር። ልጁ ወባ፣ ቢንቢ፣ ጥናት፣ ዩኒቨርሲቲ እያለ ሲያስረዳ ሴትዮዋ ገብታ ወጣች። ጎረቤቶቿ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ከፍራሽ ሥር ያወጣችውን፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ዘርግታ ያዘችው። «ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ይኸው ካርታዬ! እስቲ ያንተን አምጣ!»

ሁለቱ ካርታዎች በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተዘረጉ። የእሷ የይዞታ ማረጋገጫ ነው፤ ያረጀ፣ በማጠፊያው ላይ በፕላስተር የተያያዘ። የቤቷ ቅርጽ በቀጭን መስመር ተስሏል፣ የሰሜን ቀስት አለው፣ ማኅተም አለው፤ በጎኑ ደግሞ በትንሽ ሠንጠረዥ የግቢዋ ማዕዘኖች ቁጥር በኤክስና በዋይ ተደርድሯል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ቁጥሮቹን ታብሌቱ ላይ አስገባ። ነጥቧ ሄዳ በረንዳው ላይ፣ እኛ የቆምንበት ላይ ማለት ይቻላል፣ አረፈች። አንገቱን ነቀነቀ። መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ዞሮ ያላገኘው ነገር በሰው ፍራሽ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሴትዮዋ ነገሩ ስላልገባት፣ «ስንት ካሬ አገኘህ?» አለችው።

ሻይ ቀረበ። ድሬ እንደዚህ ናት፤ ቤቴን ሊያፈርስ ነው ብላ የጠረጠረችውን ሰውም ቢሆን ሻይ ሳታጠጣው አትሰደውም። ቅርንፉድና ሄል ያለበት ሻይ እየጠጣን ልጁ ስለ ውሃ ጠየቃት። እዚህ ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቃና። ውሃ በስንት ቀን ይመጣል፣ በየት በኩል ቶሎ ይጠፋል፣ የማን ቧንቧ ሌሊት ይንጠባጠባል፣ ማን ሮቶ አለው፣ ማን ከማን ይገዛል፤ በር ላይ የቆሙት ጎረቤቶች እየተቀባበሉ ነገሩት። ልጁ መጻፍ አቃተው። ከአምስት ደቂቃ በፊት የማይታመኑ የነበሩ ሰዎች እርስ በርስ ይተራረሙ ጀመር፦ «አይ፣ የነሱ ሐሙስ ነው፤ ከመስጊዱ ወዲያ ያለው ነው ማክሰኞ።»

በርሜሏ ግቢው ጥግ ላይ፣ ኩሽናው ጥላ ሥር ናት። ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ክዳኗ የተሰነጠቀ። ልጁ ፈቃድ ጠይቆ ክዳኑን አንስቶ የስልኩን መብራት ወደ ውስጥ አበራ። እኔም አየሁ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ የበርሜሉ ወለል ይታያል። ከዳሩ ተጠግተው፣ የጤፍ ገለባ ስባሪ የሚያህሉ ነገሮች ውሃው ፊት ላይ ጋደም ብለዋል። ጥላችን ሲያርፍባቸው ወደ ኋላ ሸርተት ሸርተት ብለው ወረዱ፤ ቆይተው ተመለሱ። ልጁ በሹክሹክታ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው የሚንጠለጠሉት ወባ የማያመጡት ናቸው፤ እንዲህ ከውሃው ፊት ጋር ትይዩ ሆነው የሚተኙት የአኖፊሊስ ወገን ናቸው አለኝ። የትኛው አኖፊሊስ እንደሆኑ ለማወቅ ወደ ላብራቶሪ መሄድ አለባቸው። ሴትዮዋ ከኋላችን ሆና፣ «እነሱማ ሁሌም አሉ። ውሃው ክሎር እንዳልበዛበት የማውቀው በነሱ ነው» አለች።

የሷ ልጅ ባለፈው ወር ታሟል፤ መዝገቡ ላይም በዚህ ሰፈር ስም አለ። የታመመው ግን እዚህ ነው ወይ? የእህቴ ልጅ ጠየቀ። ልጇ ዘበኛ ነው። ሌሊቱን የሚያድረው ሳቢያን፣ የሚሠራ ሕንፃ ዘንድ ነው፤ ውሃ የሞላበት የሲሚንቶ ገንዳ አጠገብ፣ በካርቶን ላይ። ቢንቢዋ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ በዚያ ሰዓት እሱ ቤቱ የለም። ለካርታው ግን ቤቱ እዚህ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ በዚህ ሙቀት ግማሹ ሕዝብ ክፍሉ ውስጥ አያድርም፤ ግቢ ነው፣ በረንዳ ነው፣ ከቻለም ጣሪያ ነው። ቅጹ «የት ትኖራለህ?» ይላል፤ «የት ታድራለህ?» የሚል የለውም። ልጁ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ጨመረበት።

ስለ ለንደኑ ሐኪም ስለ ጆን ስኖው ያጫወተኝ የዚያን ዕለት ማታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ሶሆ በተባለ የለንደን ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከስድስት መቶ በላይ ሰው ገደለ፤ ስኖው ሟቾቹን ካርታ ላይ ምልክት አደረገ፤ ምልክቱ ብሮድ ጎዳና ላይ ያለች አንዲት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማቸ፤ የፓምፗ እጀታ ተነቀለ። ይህ ሁሉ የካርታ ትምህርት የሚጀመርበት ታሪክ ነው። እኔ ግን ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነው፦ ካርታው የተሳለው እጀታው ከተነሳ በኋላ ነው። ስኖው አስቀድሞ ያወቀው በእግሩ ዞሮ፣ ማን ከየት ይጠጣል እያለ ጠይቆ ነው። እዚያው ፓምፑ አጠገብ ያለ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች አልሞቱም፤ ቢራ ነበር የሚጠጡት። በቅርብ የነበረ የድሆች መጠለያም የራሱ ጉድጓድ ስለነበረው ተረፈ። የመጀመሪያዋን ታማሚ ሕፃን ያገኘው ደግሞ ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል የሰፈሩ ቄስ ነው፤ ቤት ለቤት የሚገባ፣ ማን መቼ እንደታመመ የሚያውቅ። ለልጁ፣ «አንተ ስኖው ነህ፤ ባጃጅ ነጂው ኋይትሄድ ነው» አልኩት። ሳቀ። ነጂው ግን ቀልድ መሆኑ ስላልተነገረው በማግስቱ ሂሳብ ጨመረ።

በማግስቱ ወደ አፈተኢሳ ሰፈር ስንሻገር የባሰው መጣ። የታብሌቱ ባትሪ በሙቀቱ ተነፋ መሰለኝ፣ ጠፋ። የወረቀቱን ካርታ ደግሞ ነፋስ ቀማን፤ አሸዋው ላይ ሲንከባለል ልጆች ተሯሩጠው ያዙት፣ ግማሹን መለሱልን። የተቀደደው ከዚራ ነው። ነጂው፣ «ከዚራ ችግር የለውም፤ ፈረንጅ በመስመሪያ ነው የሰራት፣ ቀጥ ብለህ ብትሄድ ባቡር ጣቢያ ነው» አለ። ልክ ነው። ከተማችን ራሷ የካርታ ልጅ ናት። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ ሲሰጡ የታሰበው ሐረር ነበር። መሐንዲሶቹ ተራራውን ለክተው ሽቅቡ አይቀመስም አሉና ሐዲዱ ከተራራው ሥር፣ ሜዳው ላይ ቆመ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች፤ አዲስ አበባ እስኪደርስ 1917 ሆኗል። ሐረር ብትሆን ወይና ደጋ ላይ፣ በነፋስ፣ ጋቢ ለብሰን እንቀመጥ ነበር። ከፍታ የሚያሳዩ ቀጫጭን መስመሮች ተጠጋግተው ስለተሳሉ እኛ እዚህ እናልባለን።

እነዚያው መስመሮች ናቸው ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የጨረሱን። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሽቅብ ወደ ደንገጎ ስትወጣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,000 ሜትር ታልፋለህ። ከዚያ ከፍታ የወረደ ዝናብ መሄጃው ደቻቱ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ደረቁ አሸዋ ጎርፍ ሆኖ ተነሣ፤ ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ያለ ቤት ቀሩ። አፈተኢሳ ላይ ያነጋገርናቸው ሽማግሌ ውሃው የደረሰበትን ግድግዳ ላይ በእጃቸው አሳዩን፤ እጃቸውን ከትከሻቸው በላይ ማንሳት ነበረባቸው። «ሰማዩን ነው የምናየው» አሉ፣ «ማየት የነበረብን ተራራውን ነው።» ልጁ ተፋሰስ ምን እንደሆነ ሊያስረዳቸው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ልጁ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጥያቄ አበዛ፣ ማብራሪያ ቀነሰ።

«የት» ብሎ መጠየቅን ካነሣን፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ በጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን አውራጃ በአውራጃ መርምረዋል። ወጣት ሳለሁ ይህን ስሰማ ምን ያህል አሰልቺ ሥራ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ «ኢትዮጵያ ተራበች» ማለት ማንንም አይከስም፤ «ይህ አውራጃ ተራበ» ሲባል ግን አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። የት ብሎ መጠየቅ ቀጥሎ ማን የሚለውን ይጎትታል። መሥሪያ ቤቶቻችን ስንት የሚለውን ጥያቄ የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል፤ «ስንት» ጎረቤት የለውም።

ልጁ ከመሄዱ በፊት አድራሻቸው ያልታወቀውን አርባ ምናምን ሰዎች ከካርታው አወጣቸው። ከካርታው ግርጌ በትንሽ ሠንጠረዥ፣ «የሚኖሩበት ቦታ ያልታወቀ» ብሎ ጻፋቸው። እኔ ከሥራው ሁሉ የወደድኩት እሷን ሠንጠረዥ ነው። ከሸራ ጫማው ላይ አሸዋውን አራግፎ፣ የድሬ ሀለዋ ተሸክሞ ተሳፈረ። ያቺ ሴትዮ የእኔን ስልክ ተቀብላኝ ነበር፤ በየሳምንቱ እየደወለች ካሳው በካሬ ስንት እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ካሳ እንደሌለ ስነግራት፣ «አቦ፣ አንተንም ገዝተውሃል» ትለኛለች።

ከወር በኋላ ልጁ ደወለ። መረጃውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ለሪፖርቱ ካርታውን ጠይቆት፣ ሲሰጣቸው ቁጥሩ አልገጠመም አሉ። በመዝገብ ያለው ሰው ሁሉ ካርታው ላይ መኖር አለበት፤ ኮምፒዩተራቸው ላይ ያለው ቅጽ «አይታወቅም» የሚል ሳጥን የለውም። ተከራከረ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ አልሆነም። መልሰው ራሳቸው አስገቧቸው። የት እንዳስገቧቸው አልጠየቅሁትም።

«ታዲያ አጎቴ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሪፖርቱ ተገምግሞ፣ ስርጭቱ በጣም የከፋበት ቦታ ተለይቷል። የርጭት ቡድን ሊመጣ ነው። ቦታውን የሚያሳያቸው ሰው ፈልገው የእርስዎን… የአንተን ስልክ ሰጠኋቸው።»

ባጃጅ ነጂውን ጠርቼ ነገሩን አስረዳሁት። ጆሮው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አውርዶ መዳፉ ላይ ሲያሰላ ቆየ። መሄጃ፣ መመለሻ፣ መጠበቂያ፣ አሸዋ ከያዘን መግፊያ። ግመሎቹን ማስነሳት ደግሞ ለብቻው ይታሰባል አለ።